ሻዪ ለማ፣ ሁለት ሻይ

ጊኒር በባሌ ምድር ያለች የቆየች የንግድ ከተማ ናት። ዛሬ የምሥራቅ ባሌ ዞን ዋና ከተማ ናት። ወደ ጊኒር የሚሄድ ሰው ከሮቤ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። በሮቤና በጎባ ዙሪያ ያለው አገር ብርዳም ደጋ ነው። የስንዴና የገብስ ማሳ ዓይን እስኪደክም ድረስ ይታያል። በባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል፤ ሁለት ጊዜም ይታጨዳል። መኪናው ወደ ምሥራቅ በሄደ ቁጥር ብርዱ ይቀንሳል። ተሳፋሪው ጋቢውን ያወልቃል። ጊኒር ሲደረስ አየሩ ወይና ደጋ ነው። ከጊኒር ወዲያ ቆላው ይጀምራል፤ ግመልም ይታያል።

ጊኒር የብዙ መንገደኛ ማረፊያ ናት። በስተሰሜን ድሬ ሼክ ሁሴን አለ። በየዓመቱ ብዙ ሰው ከሩቅ አገር ለዚያራ ወደዚያ ይሄዳል። በስተደቡብ የሶፍ ዑመር ዋሻ አለ። የወይብ ወንዝ ወደ ዋሻው ይገባል፤ በድንጋዩ ሆድ ውስጥ ያልፋል፤ በሌላ በኩል ይወጣል። የዋሻው ርዝመት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ደገኛውም፣ ቆለኛውም፣ ነጋዴውም፣ ዚያራ ሄያጁም በጊኒር ያልፋል። በገበያው መካከል የቆመ ሰው ኦሮምኛ ይሰማል፤ አማርኛ ይሰማል፤ ከቆላ የመጡ ነጋዴዎች ሶማልኛ ሲናገሩም ይሰማል።

የከተማዋ ሰሌዳዎችም እንደ ሰዎቿ ናቸው። በአንድ ሱቅ በር ላይ ሁለት ዓይነት ፊደል ይታያል። አንዱ እናንተ የተማራችሁት የግዕዝ ፊደል ነው። ሌላው ቁቤ ይባላል። ቁቤ የላቲን ፊደል ነው። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በቁቤ ነው። ከዚያ በፊት ግን በግዕዝ ፊደልም ይጻፍ ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ሰው አስተምሯል። ያን ጊዜ የኦሮምኛው መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል ነበር የታተመው።

እኛ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዎች ነን። ጊኒር ስንደርስ ቦርሳችን ውስጥ ፊደል፣ ጠመኔና ደብተር ነበር። አፋችን ውስጥ ግን ኦሮምኛ አልነበረም። ታዲያ ሰው ሲርበው የት ይሄዳል? ወደ ሻይ ቤት ነው። የእኛም ትምህርት ቤት ሻይ ቤት ሆነ።

የጊኒር ሻይ ቤት እንደ ሌላው አገር ሻይ ቤት ነው። ሻይ አለ፤ ቡና አለ፤ ዳቦ አለ። ጠዋት ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ በትኩሱ ከዘይት ይወጣል። ይህ ሁሉ የስንዴ ሥራ ነው፤ ባሌ ደግሞ የስንዴ አገር ነው። ገጠር ከተወጣ ጩኮ ይቀርባል። ጩኮ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በቅቤ የሚታሽ ምግብ ነው። መንገደኛን ያቆማል፤ እንግዳንም ያከብራል።

የሻይ ቤቷ እናት አንድ ሕግ ነበራቸው። «የአገሩን ስንዴ የሚበላ በአገሩ ቋንቋ ይጠይቅ» ይሉናል፤ ይስቃሉ። እኛም እንዲህ ብለን እንጠይቃለን።

— አከም ቡልተኒ? (እንደምን አደሩ?)
— ነጋ። ኢሲን አከም ቡልተኒ? (ደህና። እናንተስ እንደምን አደራችሁ?)
— ሻዪ ለማ፣ ሳምቡሳ አፉር ኑፍ ኬና፣ ማሎ። (ሁለት ሻይና አራት ሳምቡሳ ይስጡን፣ እባክዎ።)
— ሱካራ ኒ በርባዱ? (ስኳር ትፈልጋላችሁ?)
— ኤዬ፣ ጥቆ። (አዎ፣ ጥቂት።)
— ሜቃ? (ስንት ነው?)
— ቀርሺ ጃተማ። (60 ብር።)
— ገለቶማ። (እናመሰግናለን።)

ይኸውላችሁ፣ በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ብዙ ትምህርት አለ።

አንደኛ፣ ሰላምታ ይቀድማል። በጊኒር ሰው ገና ሳይቀመጥ «ሻይ!» ብሎ አይጮህም። መጀመሪያ የሰውን አዳር ይጠይቃል። ይህ በአማርኛም ያው ነው።

ሁለተኛ፣ አክብሮት አለ። ለእኩያ «ኬኒ» ይባላል፤ ስጪ ወይም ስጥ ማለት ነው። ለታላቅ ሰው «ኬና» ይባላል፤ ይስጡ ማለት ነው። የመጨረሻዋ ድምፅ ስትለወጥ አክብሮቱ ይለወጣል። ትንሽ ድምፅ ናት፤ ሰው ግን የሚታወቀው በእሷ ነው።

ሦስተኛ፣ የቃላቱን ቦታ ተመልከቱ። በአማርኛ «ሁለት ሻይ» እንላለን፤ ቁጥሩ ይቀድማል። በኦሮምኛ «ሻዪ ለማ» ነው፤ ሻዩ ይቀድማል፤ ቁጥሩ ይከተላል።

አራተኛ፣ አንድ እንግዳ ድምፅ አለ። የሚጠጣ ውሃ በኦሮምኛ «ቢሻን ዹጋቲ» ነው። አሥር «ኩዸን» ነው። ይህን ድምፅ ለማውጣት የምላስ ጫፍ ወደ ላንቃ ይታጠፋል። በአማርኛ ይህ ድምፅ የለም። ስለዚህ በግዕዝ ፊደል ኦሮምኛ ሲጻፍ «ደ» ላይ ምልክት ተጨምሮ «ዸ» ተብሎ ይጻፋል።

ደግሞ ሁሉም ቃል እንግዳ አይደለም። ቡና በኦሮምኛም ቡና ነው። ዳቦ ዳቦ ነው። ስኳር ሱካራ ነው። ቃል እንደ ነጋዴ ይጓዛልና። ሻይ የሚለው ቃል መነሻው ቻይና ነው። በዚያ አገር ቅጠሉ «ቻ» ይባላል። ቃሉ በየብስ ከነጋዴ ጋር ተጉዞ ዐረብ አገር ደረሰ፤ ሻይ ተባለ። በእኛም አገር ሻይ ሆነ፤ በኦሮምኛ ሻዪ፣ በሶማልኛ ሻህ ሆነ። በቻይና የባሕር ዳርቻ ያለ ሕዝብ ደግሞ ያንኑ ቅጠል «ቴ» ይለዋል። ከዚያ በመርከብ የጫኑት የአውሮፓ ነጋዴዎች ይህን ስም ይዘው ሄዱ። እንግሊዞች ዛሬ «ቲ» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ሳምቡሳም ከእስያ በንግድ መንገድ የመጣ ነው፤ በሕንድ ሳሞሳ ይባላል። ቦምቦሊኖ የጣልያን ስም ነው። በአንድ የጊኒር ጠረጴዛ ላይ ቻይናም፣ ሕንድም፣ ጣልያንም፣ የባሌ ስንዴም አብረው ይቀርባሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። «እናንተ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ታውቁ የለም? ቋንቋ መማር ለእናንተ ምን ይከብዳል?» ብለው ይጠይቁናል። እውነት ነው፣ በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ነገር ግን የመጽሐፍ ቋንቋና የአፍ ቋንቋ አንድ አይደሉም። ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ወይም ወደ አሜሪካ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ወፍራም መጽሐፍ አንብቦ ይረዳል። ምግብ መሸጫ ፊት ሲቆም ግን ሻጩ ቶሎ ብሎ «ፎር ሂር ኦር ቱ ጎ?» ይለዋል። እዚሁ ትበላለህ ወይስ ይዘህ ትሄዳለህ ማለት ነው። ቃላቱ ቀላል ናቸው፤ አንድ ልጅም ያውቃቸዋል። ግን በመጽሐፍ እንዲህ ሆነው አልመጡም። ከኋላ ሰው ተሰልፏል፤ ሻጩ ይጠብቃል፤ ተማሪው ይደነግጣል።

የአንድ ምግብ ስም እንኳ ከአገር አገር ይለያያል። በእንግሊዝ አገር «ቺፕስ» ሲሉ ትኩስ የተጠበሰ ድንች ይመጣል። በአሜሪካ «ቺፕስ» ሲሉ በከረጢት ያለ ደረቅና ስስ ድንች ይሰጣል። ብስኩት በእንግሊዝ ብስኩት ነው፤ በአሜሪካ ግን «ኩኪ» ይባላል። የቃላቱም ቦታ ይለያል። እኛ «ዳቦ እፈልጋለሁ» እንላለን። ኦሮምኛ «ዳቦ ነን በርባዳ» ይላል። በሁለቱም ዳቦው ይቀድማል፤ መፈለጉ ይከተላል። እንግሊዝኛ ግን «አይ ዎንት ብሬድ» ይላል፤ መፈለጉ ይቀድማል፤ ዳቦው መጨረሻ ይመጣል። ስለዚህ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ኦሮምኛ ለመማር፣ ኦሮምኛ የሚያውቅም አማርኛ ለመማር ግማሹን መንገድ ሄዷል ማለት ነው።

የሰው ቋንቋ መማር የራስን አያስጥልም። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተማርኮ የተሸጠ ኦሮሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። ከዚያም ስዊድን አገር ሄዶ ተማረ። በባዕድ አገር በባዕድ ቋንቋ ኖረ። ያወቀውን ግን ለእናቱ ቋንቋ አዋለው። ከአስቴር ገኖ ጋር ሆኖ የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አዘጋጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1894 ታተመ። በ1899 ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አሳተመ። ሁለቱም የታተሙት በግዕዝ ፊደል ነው።

አሁን ስለ አንድ ተማሪያችን እንንገራችሁ። ከጊኒር ገጠር የሚመጡ አንድ አባት ነበሩ። ፊደል ቆጥረው ጨርሰዋል፤ ቁጥርም ያነባሉ። አማርኛ ግን በአፋቸው አልገባም። በዚያው ሰሞን ለሕክምና አዲስ አበባ ሂዱ ተባሉ። ልጃቸው በሥራ ምክንያት አብሮ መሄድ አልቻለም። እኚህ አባት በአስተርጓሚ እንዲህ አሉን፦

«ልጆቼ፣ በሽታውስ አላህ ያውቃል። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ኦሮምኛ የሚያውቅ ሰው አዲስ አበባ አይጠፋም። ግን ሁልጊዜ በሰው አፍ ውሃ መለመን፣ በሰው አፍ ሕመሜን መናገር ከበደኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረውን ወደ ሻይ ቤት ይመጡ ጀመር። የሻይ ቤቷ እናት ሕጉን ለእሳቸው ገለበጡት። እኛ በኦሮምኛ ካልጠየቅን ሻይ አናገኝም። እሳቸው በአማርኛ ካልጠየቁ ሻይ አያገኙም። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እሳቸው «ሁለት ሻይ ስጡኝ» ሲሉ፣ እኛ «ሻዪ ለማ ኑፍ ኬና» እንላለን። የእኛን «ዸ» እሳቸው ያርማሉ። የእሳቸውን «ጸ» እኛ እናርማለን። ማን አስተማሪ፣ ማን ተማሪ እንደ ሆነ አይታወቅም።

በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት ነገር ያዙ። «ውሃ ስጡኝ።» «ስንት ነው?» «ወደ ሆስፒታል በየት ነው?» «እዚህ ያመኛል።» በደብተራቸውም ጻፏቸው። እኛም የእነዚህን ኦሮምኛ ከእሳቸው ተማርን። ራስ ሲያም «መታ ነ ዹኩባ» ይባላል።

ሄዱ፤ ተመለሱም። ገና የሚወስዱት መድኃኒት አለ። በሕክምናው ነገር ብዙ አላወሩም። ያወሩት ይህን ነው፦ «ሻሸመኔ ላይ ዳቦ ገዛሁ፤ መልሱን ቆጥሬ ተቀበልሁ። ሆስፒታሉ በር ላይ ያለውን ቁጥር አነበብሁ፤ ያን ክፍል ገባሁ። ሐኪሟ ስትጠይቀኝ ጣቴን አኖርሁና ‹እዚህ ያመኛል› አልሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አስተርጓሚ ተናገረልኝ። የመጀመሪያውን ግን እኔው ተናገርሁ።»

አባቶች ሲተርቱ፣ «አፍ ያለው ያግባሽ ወይስ ከብት ያለው? ቢሏት፣ አፍ ያለው ያግባኝ፤ ከብት ያለውን አፍ ያለው ይነዳዋል አለች» ይላሉ። አፍ ያለው ማለት ብዙ የሚያወራ ማለት ብቻ አይደለም። የሚያስፈልገውን በራሱ አንደበት መጠየቅ የሚችል ማለት ነው።

እናንተም አዲስ ቋንቋ ስትጀምሩ በትልቁ አትጀምሩ። በሚርባችሁና በሚጠማችሁ ነገር ጀምሩ። ቃሉን ለብቻው ሳይሆን ከነሰላምታው፣ ከነአክብሮቱ ያዙት። የተማራችሁትን በዚያው ቀን ተናገሩት፤ ማታ በደብተራችሁ ጻፉት። ሰው ቢስቅ ሳቁለት፤ ደግማችሁ ጠይቁ። ጎረቤታችሁ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ስኒ ቡና አፍሉና ጥሩት። የእሱን አምስት ቃል ተቀበሉ፤ የእናንተን አምስት ቃል ስጡት።

የኦሮምኛ ቁጥር
1 ቶኮ፣ 2 ለማ፣ 3 ሰዲ፣ 4 አፉር፣ 5 ሸን፣ 6 ጀአ፣ 7 ቶርባ፣ 8 ሰዴት፣ 9 ሰገል፣ 10 ኩዸን።

መልመጃ
1. በጊኒር ሻይ ቤት ከመጠየቅ በፊት ምን ይቀድማል?
2. «ኬኒ» እና «ኬና» በምን ይለያያሉ?
3. አንድ ሻይ 10 ብር፣ አንድ ሳምቡሳም 10 ብር ቢሆን፣ ሻዪ ሰዲና ሳምቡሳ ለማ ስንት ብር ይሆናል? 100 ብር ብትሰጡ መልሱ ስንት ነው?
4. እንግዳ አገር ብትሄዱ መጀመሪያ የምትፈልጓቸውን አራት ንግግሮች በደብተራችሁ ጻፉ። ቋንቋውን ከሚያውቅ ሰው ጠይቃችሁ ትርጉማቸውን በጎናቸው አስፍሩ።