አጥር በሜሪላንድ፣ አጥር በኮተቤ

በአዲስ አበባ፣ በኮተቤ፣ የታላቅ ወንድሜ የጋሼ ግቢ በድንጋይ ካብ ታጥሮ፣ በካቡም ጫፍ የጠርሙስ ስባሪ በሲሚንቶ ተተክሎበት፣ በደጁም ጋቢውን ተከናንቦ የሚያድር ዘበኛ ቆሞለት ሳለ፣ የቤቱ ዋይፋይ ግን ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ በሞደሙ ጀርባ በተለጠፈችው ወረቀት ላይ በታተመው የይለፍ ቃል ሲያገለግል ኖሯል፤ እኔ ደግሞ በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ አጥር በሌለው ቤት፣ የጎረቤት ውሻ በሣሩ ላይ እንደ ልቡ በሚመላለስበት ደጅ እየኖርሁ፣ ለኢንተርኔቱ ብቻ ቅጽር ሠርቻለሁ።

ቅጽሩ ከዳዊት መጽሐፍ እምብዛም የማይበልጥ፣ አራት የኔትወርክ ቀዳዳ ያለው፣ በምድር ቤት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ሳጥን ነው፤ በውስጡም ፒኤፍሴንስ የተባለው ሶፍትዌር ይሠራል። የትውልድ ሐረጉን የቆጠርን እንደሆነ፣ በውስጡ የሚሠራው ማጣሪያ ፒኤፍ በ2001 ኦፕንቢኤስዲ ለተባለው ሥርዓተ ክወና የተጻፈ ሲሆን፣ ፒኤፍሴንስ ራሱ በ2004 ሞኖዎል ከተባለው ሥራ ተገንጥሎ ወጥቷል፤ ከእርሱም በ2015 ኦፒኤንሴንስ ተወልዷል (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። የሳጥኑም ግብር፣ ሳይጠራ ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ከደጅ መመለስ፣ ከውስጥ የወጣውን ግን ከየትኛው ስልክ ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ በመዝገብ አስፍሮ፣ መልሱ ሲደርስ መዝገቡን ተመልክቶ ማሳለፍ ነው። ሕጎቹ ከላይ ወደ ታች ይነበባሉ፤ መጀመሪያ የገጠመው ፍርዱን ከሰጠ የቀሩት አይጠየቁም። ስለዚህ ከላይ «ሁሉም ይለፍ» ብሎ ጽፎ ከታች ክልከላ የሚደረድር ሰው በከንቱ ይደክማል፤ እኔም አንድ ቅዳሜ ሙሉ እንዲሁ ደክሜአለሁ።

ከዚያም ቤቱን በሦስት ከፈልሁት። ሊቃውንቱ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝና፣ አከፋፈሉን የወሰድሁት ከቤተ ክርስቲያን ሕንጻ ነው፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ የሚቆምበት ቅኔ ማኅሌት፣ ቤተሰቡ የሚገለገልበት ቅድስት፣ የባለቤቴ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ብቻውን ያለበት መቅደስ። የአገር ቤት ቴሌቪዥን የምናይበት ርካሽ ቦክስ ከቅኔ ማኅሌቱ አያልፍም፤ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በጁን 2025፣ እንዲህ ካሉት ቦክሶች መካከል ገና ሳይሸጡ ተንኮለኛ ፕሮግራም የተጫነባቸው እንዳሉ ካስጠነቀቀ ወዲህ፣ እርሱን ከልጆቼ ኮምፒውተር ጋር አንድ ጣራ ሥር ማሳደር ልቤ እንቢ አለኝ።

ለገና ወደ አገር ቤት ስወርድ አንድ ተመሳሳይ ሳጥን በሻንጣዬ ይዤ ነበር። ጋሼ አገላብጦ ተመለከተውና፣ «ዘበኛ እያለን ይህ ደግሞ ምን ሊጠብቅ ነው? ሌባ በግንብ ሲዘል እንጂ በሽቦ ሲሾልክ አላየሁም» አለኝ። በመጀመሪያው ሌሊት ፍርዱ ለእርሱ ሆነ፤ ሳጥኑ ሲሠራ የተሰጠው አድራሻ 192.168.1.1 ነው፣ የጋሼ ሞደምም 192.168.1.1 ነበር፣ በአንድ ቀበሌ አንድ የቤት ቁጥር የያዙ ሁለት ባለቤቶች እንደ ማለት፣ ደብዳቤው ለማን እንደሚደርስ ጠፋ። የሳጥኑን አድራሻ ወደ 10.20.0.1 ብለውጠው ነገሩ ሰመረ። በሦስተኛው ቀን ግን መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ፤ ሲመለስም ሳጥኑ አልነሣ አለ። በሜሪላንድ መብራት የሚጠፋው ከስንት አንዴ ስለሆነ ሶፍትዌሩን ስጭን ዩኤፍኤስ የተባለውን የዲስክ አሠራር መርጬ ነበር፤ ይህም በድንገት መብራት ሲቋረጥበት በጽሕፈት መካከል የነበረውን ሊበትን ይችላል። ያነበብኋቸው መመሪያዎች ስለ ወሬኛ ጎረቤትና ስለ ማስታወቂያ ብዙ ሲያትቱ ስለ መብራት አንዲት ቃል አይተነፍሱም። መቋረጡን ይልቅ የሚታገሠውን ዜድኤፍኤስን መርጬ እንደገና ጫንሁት፤ ከመርካቶም ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ገዝቼ አጠገቡ አኖርሁ።

እዚህ በሜሪላንድ እንግዳ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው እየተግደረደረ ነው፤ እዚያ ግን እንደ ውኃ ይጠየቃል፣ እንደ ውኃም ይሰጣል። ይህን አውቄ ለጋሼ ቤት «እንግዳ» የሚል ዋይፋይ ለብቻው አወጣሁ፤ በዚያ የገባ ኢንተርኔቱን እንጂ የግቢውን ካሜራም ሆነ የጋሼን ኮምፒውተር አያይም።

የቀረው ከሩቅ መቆጣጠሩ ነበር። የጋሼ ቤት ከኢንተርኔት አቅራቢው የሚያገኘው አድራሻ ከብዙ ደንበኞች ጋር የጋራ በመሆኑ ከሜሪላንድ ብጠራው አይሰማኝም፤ ስለዚህ የኮተቤው ሳጥን ራሱ፣ ዋየርጋርድ በተባለው መንገድ፣ በየ25 ሴኮንዱ የእኔን እያንኳኳ እንዲኖር አደረግሁት። ደጅ ጥናት ማለት እንዲህ ነው፤ ባለጉዳዩ ካልመጣ ባለሥልጣኑ አያገኘውም። እዚህ ቀትር፣ እዚያ ምሽት ሲሆን የተገናኙትን ስልኮች ዝርዝር ከፍቼ አያለሁ፤ ትናንት በ«እንግዳ» ላይ 14 ስልኮች ተሰልፈዋል። ከእነርሱም አንዱ የጋሼ የራሱ ነው። ደውዬ ብጠይቀው፣ «የዚህኛው የይለፍ ቃል ይቀላል» አለኝ።