ትንሽ ልርጭሽ

ከላሲክ በፊት ያስጨነቀኝ መታወር አልነበረም፤ ማስነጠስ ነው። «መሃል ላይ ቢያስነጥሰኝስ?» ስላት ዶክተሯ ሳቀች። ማሽኑ ዓይኔን ይከታተላል፣ ከቦታው ከወጣ ራሱ ያቆማል። ሽታውን ግን አልነገረችኝም። የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ደግሞ የሚሸተው የራስሽ ዓይን ነው!

ሌዘሩ ሴኮንዶች ናቸው። ረጅሙ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኮርኒያው ላይ የተከፈተው ስስ ሽፋን እንዳይንሸራተት ማሸት የለም፣ ውሃ ማስነካት የለም።

እማዬ ጠበል ይዛ መጣች።

«ትንሽ ልርጭሽ።»

«እማ፣ ውሃ እንዳይነካው ተብያለሁ።»

«ይሄ ውሃ ነው እንዴ?»

ምን ይባላል? እግሬን ከብርድ ልብሱ አወጣሁላት። ቅር እያላት ረጨችው።

ጠዋት እጄ እንደልማዱ መነፅር ፍለጋ ሄደ። ሳላገኘው የግድግዳውን ሰዓት አነበብኩ፤ 12፡40።

«እማ! ይታየኛል!»

ጀሪካኑን አየት አድርጋ ዝም አለች።