የሻምበል ታፋ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ፈተናም ስለ ደመወዝም አይደለም። ስለ አንድ እንሽላሊት ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ።

እህቴ የምትኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ12 ዓመት ልጇ ኢጓና ያሳድጋል። ለማታውቁት፣ ኢጓና የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ እንስሳ ነው፣ ቅጠል በል። የኛን አርጃኖ አስቡና አረንጓዴ ቀብታችሁ ጀርባው ላይ የማበጠሪያ ጥርስ ደርድሩበት። እናታችን ፎቶውን ስታይ «አርጃኖ ቤት ውስጥ!» ብላ አማተበች። ስሙ ሻምበል ነው። ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አቀማመጡ ጡረታ የወጣ መኮንን ይመስላል።

መጋቢት ላይ ልጁ በቪዲዮ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሻምበል ልክ አይደለም» አለኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። አይበላም? ይበላል። ታዲያ ምን ሆነ? «አላውቅም። እንደ ድሮ እንጨቱ ላይ አይወጣም።» ካሜራውን አዞረልኝ። አየሁት። ዓይኑ ንቁ፣ ጭንቅላቱ ቀና ያለ፣ ታፋው ደግሞ ምን ልበላችሁ፣ የክብደት አንሺ ታፋ! «አንተ፣ ይሄማ ወፍሮ ሰንፎ ነው እንጂ ምንም አልሆነም» አልኩት። የባዮሎጂ መምህር ነኝና አመነኝ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ሌሊት አጭር ቪዲዮ ላከልኝ፣ ምንም ሳይጽፍ። የሻምበል የፊት እግር ጣቶች ይንቀጠቀጣሉ። በርዶት ነው እንዳልል፣ የሚሞቅበት መብራት ሥር ነው ያለው።

ያን ሌሊት ያለኝን ዳታ አሟጥጬ ሳነብ አደርኩ። መጀመሪያ የገባኝ፣ እነዚህ እንስሳት ሕመማቸውን እንደሚደብቁ ነው። ጫካ ውስጥ የደከመ የመሰለ ይበላል። ስለዚህ ኢጓና እያመመውም ይበላል፣ ዓይኑን ይገልጣል፣ ቀና ብሎ ይቀመጣል። ውሻ ቢሆን ያለቅሳል፤ እሱ አይጮህም። ባለቤቱ «አመመው» በሚልበት ቀን ሕመሙ ወራት አስቆጥሮ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ነገር አንገቴን አስደፋኝ። ያ ታፋ ጡንቻ አልነበረም። ካልሲየም ሲያንስ ወይም ቫይታሚን ዲ ሲጠፋ ሰውነት ለልቡና ለጡንቻው የሚያስፈልገውን ካልሲየም ከገዛ አጥንቱ እየቆረሰ ይወስዳል። አጥንቱ ይሳሳል። ያን የሳሳ አጥንት ለመደገፍ ደግሞ ዙሪያው ጅማት መሰል ነገር ይሞላበትና ታፋው ያብጣል። ከውጭ ለሚያየው ፋፍቷል! ውፍረቱ እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ መታየት ያለበት ጅራቱ የሚጀምርበት ቦታ ነው፤ በደንብ የሚበላና የሚስማማው ኢጓና እዚያ ጋ ሙሉ ነው። የመጋቢቱን ቪዲዮ ልጁ ቀድቶት ስለነበር መልሼ አየሁት። የጅራቱ ሥር ከስቶ አጥንቱ ይታያል። ፊት ለፊቴ ነበር እኮ።

ደግሞ ይሄ ለኔ አዲስ ነገር ቢሆን አይቆጨኝም። ሪኬትስ ነው በሉት! 11 ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ነው፦ ቫይታሚን ዲ፣ ጉድለቱ ሪኬትስ። የገዛ ልጄን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያሞቅኩ ሰው ነኝ። ሕፃን ከሰው ዓይን ይጠበቅ ተብሎ ተሸፋፍኖ ሲያድግ እግሩ እንደሚጎብጥ ለጎረቤት የማስተምር ሰው።

ሲነጋ ደወልኩ። ምን ይበላል? ሰላጣ። ሰላጣ አብዛኛው ውሃ ነው፣ ካልሲየሙ ትንሽ። ፀሐይስ? «መስኮት ሥር ይቀመጣል።» የመስኮት መስታወት ሙቀቱን እንጂ ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን አልትራቫዮሌት ቢ አያሳልፍም። ልዩ አምፖልስ የለውም? «አለው፣ ይበራል።» መቼ ተገዛ? ከሻምበል ጋር፣ ከሁለት ዓመት በፊት። እነዚህ አምፖሎች ብርሃናቸው ሳይጠፋ ጨረራቸው ይደክማል፤ እንደ ዓይነታቸው ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ይቀየራሉ። የፊቱን ፎቶ ከጎን አስነሳሁት፤ የታችኛው መንጋጋው አብጧል። «እንዳትጫነው፣ በቀስታ ያዘው» አልኩት፤ እንዲህ የሳሳ አጥንት በቀላሉ ይሰበራል።

ከባዱ እህቴን ማሳመን ነበር። «ለእንሽላሊት ራጅ? እኔ ጥርሴን ለመታከም ስንት ወር ነው ያስተላለፍኩት?» እውነቷን ነው፣ መልስ አልነበረኝም። «እትዬ፣ ልጁ አውቆ ነበር። ደህና ነው ብዬ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ዝም አለች። ቅዳሜ ከሥራ አስፈቅዳ ወሰደችው።

ራጁን ላከችልኝ። ጤነኛ አጥንት ነጭ ሆኖ ጎልቶ ይታያል፤ የሻምበልን ግን ከሥጋው ለመለየት ያስቸግራል። ግራ ታፋው ላይ ደግሞ ተሰብሮ መልሶ የገጠመ ቦታ አለ። መቼ እንደተሰበረ ማንም አያውቅም። በተሰበረ እግሩ ነው ሰላጣውን ሲበላ የኖረው። ልጁ «ሲሰበር አሞት ነበር?» አለኝ። አዎ አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ሐኪሟ በአፉ የሚሰጥ የካልሲየም ሽሮፕ አዘዘችለት፣ አዲስ አምፖል በቀን ለ12 ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ቅጠል። ቅጠሉ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጎመን! እህቴ በየእሑዱ የምትከትፈው። መድኃኒቱ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ማቀዝቀዣቸው ውስጥ ነበር ማለት ነው። ቆስጣ ግን አታብዙለት ብላለች፣ ካልሲየሙን አስሮ ይይዝበታል።

መንቀጥቀጡ በሳምንታት ውስጥ ተወው። ጀርባው ላይ የቀረችው ጉብታ አትቃናም ተብሏል። ልጁ አሁን በየቅዳሜው በእናቱ የወጥ ቤት ሚዛን ይመዝነውና ደብተር ላይ ይጽፋል (እህቴ ተናዳ ሌላ ሚዛን ገዝታለች)። ባለፈው ቅዳሜ 1,140 ግራም። ከቁጥሩ ጋር የጅራቱን ሥር ፎቶ አንስቶ ልኮልኛል፣ ሳልጠይቀው።