መዝገቡ አልታረቀም

ሰው በስሙ የመያዣ ትእዛዝ መውጣቱን የሚያውቀው መቼ ነው? ብዙውን ጊዜ ሲያዝ ነው። ከዚያ በፊት ትእዛዙን የሰጠው ዳኛ ያውቃል፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ያውቃል፤ ፖሊስ ያውቃል፤ አንዳንዴም የቀበሌው ሚሊሻ ያውቃል። ባለጉዳዩ ብቻ አያውቅም። ወይም ይጠረጥራል። የጠረጠረ ሰው ደግሞ አይጠይቅም፤ ይሸሻል።

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚህች ወረቀት ነው። ሕጉ «የመያዣ ትእዛዝ» ይላታል። ችሎት «ታስሮ ይቅረብ» ይላታል። እኛ ሰቆጣ ዙሪያ ያደግነው ደግሞ «ወረቀት ወጥቶበታል» ሲባል እየሰማን ነው። እንዲህ የተባለለት ሰው ከገበያ ይጠፋል፤ ከለቅሶ ይጠፋል፤ ሰርግ ሲጠራ «አሞኛል» ይላል። ማንም ሳያስረው ራሱን አስሮ ይቀመጣል ማለት ነው።

ጋዜጠኝነት ስንማር «ወሬውን ከሰው ስሙ፤ እውነቱን ከመዝገብ ፈልጉ» እያሉ የሚያሰለቹን መምህር ነበሩ። ተመርቀን ወጥተን መጀመሪያ ከልባችን ያስፈለግነው መዝገብ ግን ለዜና አልነበረም፤ ለአጎታችን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎታችን (ስሙ ይቆየን) ከድንበርተኛው ጋር በከብት ምክንያት ተጣላ። በሬ ገብስ ማሳ ገባ፤ ቃል ተወራወሩ፤ ተገፋፉ፤ ጎረቤቱ ወድቆ ክንዱ ተላላጠ። በንዴቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ከሰሰ። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ ገባ። ካሳ ተቆረጠ፤ በግ ታረደ፤ ጠላ ተጠጣ። እርቁ እንዲያውም ከመርጋቱ የተነሣ አጎታችን የዚያኑ ጎረቤቱን ልጅ ክርስትና አነሣ። በአገር ደንብ ከዚህ በላይ የጠብ ማለቂያ የለም።

ክሱ ግን መንገዱን ቀጥሎ ነበር። መጥሪያ ሲወጣ አጎታችን እንደ ብዙው የዋግ ገበሬ ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዷል። መጥሪያውን ያመጣው ሰው «በአድራሻው አልተገኘም» ብሎ መለሰ። ቀጠሮው ደረሰ፤ ተከሳሽ የለም፤ ታስሮ ይቅረብ ተባለ። አጎታችን ከሁመራ ሲመለስ አንድ ዘመድ «ወረቀት ወጥቶብሃል ይባላል» ብሎ ሹክ አለው። በቃ። ከዚያ ወዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከተማ አልወረደም። ማሩን ሌላ ሰው ይሸጥለታል፤ ዋጋውን ያው የሸጠው ሰው ያውቃል። መታወቂያው አልታደሰም። አንድ ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው እንኳ «ሆስፒታሉ ያለው ከፖሊስ ጣቢያው አጠገብ ነው» ብሎ ቀረ። ወረቀቲቱ የወሰደችበት ዓይኑን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ወዳጆች፣ እዚህ ላይ ሕጉ ምን ይላል የሚለውን እንይ፤ ምክንያቱም ሕጉ የሚያስፈራውን ያህል አያስፈራም።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መጀመሪያ የሚያስበው መጥሪያን ነው (አንቀጽ 25)። የመያዣ ትእዛዝ የሚሰጠው የሰውየው መቅረብ የግድ ሲያስፈልግና በሌላ መንገድ ሊቀርብ የማይችል ሲሆን ነው (አንቀጽ 54)። የሚይዘው ፖሊስም የሰውየውን ማንነት ማረጋገጥ፣ ትእዛዙን ማንበብ፣ ሲጠየቅም ማሳየት አለበት (አንቀጽ 56)። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ አይቆጠርም። «በሚገባው ቋንቋ» የምትለዋን ለኽምጣና ተናጋሪ እናቶቻችንና አባቶቻችን አስምሩባት።

አሁን ወደ አስገራሚው ነገር እንምጣ። በሌለበት ሊዳኝ የሚችለው ሰው የተከሰሰበት ወንጀል ከባድ ከሆነ ነው፤ ሕጉ 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ መሆኑን ይጠይቃል (አንቀጽ 161)። ቀላል ነገር ከሆነ ተከሳሹ ሳይቀርብ ፍርድ የለም። ስለዚህ መዝገቡ «ሲገኝ ይንቀሳቀሳል» ተብሎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ትእዛዙም አብሮት ይቀመጣል። ግፊያ የሆነች ነገር ዓመታት የምትዘልቀው ቀላል ስለሆነች ነው። ለመርሳት ሳይሆን ለመጠበቅ ነው የተቀመጠችው። «ዓመት ስላለፈው በይርጋ ቀርቷል» ብላችሁም አትዘናጉ፤ የመያዣ ትእዛዝ መውጣቱ ራሱ ይርጋውን ከሚያቋርጡ ነገሮች አንዱ ነው።

በዋግ ደግሞ ሰው በአድራሻው አለመገኘቱ ብዙ ምክንያት አለው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰቆጣንና ዙሪያዋን ሲያምስ፣ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ስንት ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል! መጥሪያ ባዶ መንደር ቢሄድ ማንን ያገኛል? የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሲዘረፉም ሰነድ አብሮ ጠፍቷል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም በ2016 ዓ.ም. እስኪያበቃ ድረስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝን ፈቅዶ ነበር። ይህን ሁሉ ያየ ገበሬ «እስቲ ስሜ ይኖር እንደሆነ ልጠይቅ» ብሎ ጣቢያ ይሄዳል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

አያቶቻችን በዚህ ነገር ሳይሻሉ አልቀሩም። ሰቆጣ የዋግሹሞች መቀመጫ በነበረችበት ዘመን እንደ ሌላው አገር ሁሉ ከሳሽ ተከሳሹን «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያቆመዋል። ኩታና ኩታቸው ይቋጠርና ተቆራኝተው ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ። ቁራኛ የሚባለው ይኸው ነው። ክብር የሚነካና ጭካኔም ያለበት ነበር፤ ይመለስ አንልም። ግን አንድ ነገር ነበረው፦ የተከሰሰው ሰው መከሰሱን ያውቃል። ሲታረቁም ቋጠሮው በሰው ፊት ይፈታል። ዛሬ ክሱ ያለ ባለቤቱ ብቻውን ይሄዳል፤ ቋጠሮው መደርደሪያ ላይ ስለሆነ እርቁ አይደርስበትም።

እናም ቋጠሮውን ፍለጋ ወጣን። የሄድነው ከዞኑ ወረዳ ፍርድ ቤቶች ወደ አንዱ ነው። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «የመዝገብ ቁጥር?» ሆነ። የለንም። «እንግዲያው ዓመተ ምሕረቱን፣ የከሳሹን ስም፣ የተከሳሹን ስም እስከ አያት አምጡ።» ይህቺን «እስከ አያት» ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩአት። መጀመሪያ የተገኘው መዝገብ በስምም በአባት ስምም ከአጎታችን ጋር አንድ የሆነ፣ በሌላ ነገር የተከሰሰ ሌላ ሰው ነበር! የለየን የአያት ስም ነው። በማግስቱ ትክክለኛው ተገኘ። አቧራውን ስናራግፈው ከጥቂት ቅጠል የማይበልጥ ነው። ስድስት ዓመት የተሸሸው ይኼ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን እንደ ምክር ውሰዱት።

አንደኛ፣ ፍርድ ቤት ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ክስ ሳይመሠረት በምርመራ ላይ እያለ ፖሊስ ከፍርድ ቤት ያስወጣው ትእዛዝ ሊኖር ስለሚችል ዐቃቤ ሕግ ቢሮም ይጠየቅ። የሚጠይቀው የግድ ባለጉዳዩ መሆን የለበትም፤ ዘመድ ወይም ጠበቃ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ትእዛዙ ካለ ሳትያዙ ራሳችሁ ቅረቡ። ዋስ የሚሆን ሰው ይዛችሁ፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት። ዓርብ ከሰዓት የቀረበ ሰው ቅዳሜና እሑድን ጣቢያ ሊያድር ይችላል። በክረምቱ የፍርድ ቤት ዕረፍት ደግሞ የሚሠራው ተረኛ ችሎት ነው። በፈቃዱ የመጣ ሰው «ይጠፋል» ተብሎ ዋስትና ለመከልከል ያስቸግራል።

ሦስተኛ፣ በሌላችሁበት ተፈርዶባችሁ ከሆነም በር አልተዘጋም። መጥሪያ አልደረሰኝም ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት አልቀረብኩም የሚል ሰው ፍርዱን ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ እንዲነሣለት ማመልከት ይችላል (አንቀጽ 198 እና 199)።

አራተኛ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህ ነው፦ ትእዛዙ ሲነሣ ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ ተቀበሉ፤ አንዱን ፖሊስ ጣቢያ አስገቡ፤ አንዱን ኪሳችሁ አድርጉ። ፍርድ ቤት ያነሣውን ትእዛዝ ጣቢያው ካልሰማ ስማችሁ እዚያ እንዳለ ነው።

አጎታችንን ይዘን ስንቀርብ ከጎኑ የነበረው ማን መሰላችሁ? ከሳሹ! አበልጅ ከአበልጁ ጋር ተያይዞ መጣ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ እንዲህ ያለ ቀላል የአካል ጉዳት በግል አቤቱታ የሚያስከስስ ነው (አንቀጽ 556 ንዑስ 1)። ተበዳዩ «ታርቀናል፤ አቤቱታዬን አንሥቻለሁ» ሲል የሚቀር ነገር የለም። ችሎቱ ሻይ ጠጥቶ የመነሣት ያህል እንኳ አልፈጀም። መዝገብ ቤቷ ልጅ ግልባጩን ስትሰጠው «አባባ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ምነው ሳይጠይቁ ቀሩ?» አለችው። «ልጄ፣ ነብርን ጥርስህ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ አለ?» አላት። ሳቀች። እኛ ግን መሳቅ አቃተን።

ነብሩ ጥርስ አልነበረውማ! ግን ይህን ማን ይንገረው? አሜሪካ ውስጥ ብዙ ካውንቲዎች የመያዣ ትእዛዝ የወጣባቸውን ሰዎች ስም ድረ ገጽ ላይ ይለጥፋሉ። እኛ ያንን አንመኝም። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት አገር ስም ግድግዳ ላይ መለጠፍ ሳይፈርዱ መፍረድ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ጥፋተኛ እስኪባል እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይላል። የምንመኘው ትንሽ ነገር ነው። ሰው መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ቆሞ «በስሜ ምን አለ?» ብሎ ሲጠይቅ በቅን ልብ መልስ ይሰጠው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘትን መብት ሲጽፍ፣ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590ም «ማንኛውም ሰው» መረጃ መጠየቅ ይችላል ሲል፣ «ማንኛውም ሰው» ውስጥ ስለ ራሱ የሚጠይቀው ገበሬ የማይገባበት ምክንያት አይታየንም።

ሁለተኛው ምኞታችን ለሽማግሌዎቻችን ነው። አስታራቂ አባቶቻችን ሆይ፣ እርቁን ስትጨርሱ በጉ ከመታረዱ በፊት አንድ ጥያቄ ጨምሩልን፦ «ይህ ነገር ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት ደርሷል ወይ?» ደርሶ ከሆነ አንድ ገጽ ወረቀት ይጻፍ፤ ከሳሽም ተከሳሽም ሽማግሌም ይፈርሙበት፤ ከሳሹ ራሱ ወስዶ ያስመዝግበው። ከባድ ወንጀል በእርቅ አይዘጋም፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። የድንበርና የከብት ጣጣ ግን በዚህች አንድ ገጽ ያበቃል።

ሰው ከሰው ታርቆ እየበላ እየጠጣ፣ ወረቀት ብቻ ተቀይሞ መኖር የለበትም።

ቸር ይግጠመን!