ደባርቅ ሲደርስ የሚጠፋው ድምፅ

አንባቢዬ፣ ቡናው እስኪፈላ ስለ አንድ ድምፅ ላጫውትዎ። ያለነው ድብ ባሕር፣ ከሊማሊሞ ገደል ግርጌ ነው። እዚህ ቁጭ ብሎ ላዳመጠ ሰው፣ ዳገቱን የሚጀምር መኪና ከመታየቱ በፊት ሞተሩ ይሰማዋል። የናፍጣው አይሱዙ ሲፈጠርም ድምፀ ሻካራ ነውና እሱን እንተወው። እኔ የምለው የቤንዚኗን ነው። አሮጌዋ ኮሮላ ሰው ሞልታ፣ ጣሪያዋ ላይ ዕቃ ጭና፣ ጉልበት ባነሳት ሦስተኛ ማርሽ ስትንፏቀቅ፣ በጣሳ ውስጥ እንደሚንቀጫቀጭ ጠጠር ያለ ድምፅ ታሰማለች። ሹፌሩ እግሩን ከነዳጁ ሲያነሣ ይጠፋል፤ ሲረግጥ ይመለሳል። ሞተር አንኳኳ የሚባለው ይኸው ነው።

ካንዴላው ብልጭ ሲል እሳቱ በደረቅ ሣር ላይ እንደሚሄድ ሰደድ ቤንዚኑንና አየሩን በተራ እያዳረሰ ፒስተኑን ይገፋዋል። ሞተሩ ሲግል፣ ጭነቱ ሲበዛ፣ ቤንዚኑ ደካማ ሲሆን ግን ከዳር ያለው ተራውን አይጠብቅም። እሳቱ ሳይደርሰው፣ በእመቃና በሙቀት ብቻ ባንዴ ይነዳል። የምንሰማው ያ ድንገተኛ ግፊት የሲሊንደሩን ግድግዳ ሲመታው ነው።

ጉዳቱ ከድምፁ ይብሳል። ፒስተን አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፣ እሳቱ ግን ከ2,000 ዲግሪ ያልፋል። ፒስተኑ ሳይቀልጥ የሚኖረው ሙቀቱን ወደ ሲሊንደሩና ወደ ዘይቱ እያሳለፈ፣ አናቱ ላይ በሚጋረድ ስስ የጋዝ ንጣፍ እየተከለለ ነው። ማንኳኳቱ ያን መከለያ ይገፈዋል። ሲደጋገም አናቱ ምስጥ እንደበላው እንጨት ይቦረቦራል፤ ፋሻው የሚቀመጥበት ጠርዝ ይሰበራል፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ምቱም በቢዬላው ወርዶ ብሮንዚኑን ይቀጠቅጠዋል። (ቴስታታና ቢዬላ የጣሊያን ቃላት ናቸው። የሊማሊሞንም መንገድ በወረራው ዘመን ያስቆረጡት ጣሊያኖች ናቸው፤ መንገዱም ቃሉም ቀረልን።)

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዳገቱ አናት፣ ደባርቅ ላይ የሚሆነው ነው። አንድ ጊዜ በዚህ ዳገት ተሳፍሬ ስወጣ ሞተሩ ሲንቀጫቀጭ አንዲት እናት ደነገጡ። ሹፌሩም «አይዞዎት እማማ፣ ደባርቅ ስንደርስ ይተዋታል» አላቸው። እውነትም ተዋት። ደባርቅ ከፍታዋ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ሲሊንደር የሚገባው አየር ሲሳሳ እመቃው ይላላል፣ ብርዱም ያግዛል፣ ድምፁ ይጠፋል። ሰው ተሻላት ይላል። አልተሻላትም! ጎንደርም ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ከተማ ውስጥ ላይሰማ ይችላል። ያቺው መኪና መተማ ቆላ ስትወርድ፣ ወይም ጭና ከቆላዋ ዛሪማ ስትነሣ፣ ሕመሙ ያገረሽባታል። በመካከሉ የተሰነጠቀው ፒስተን አልተጠገነም።

በየመንገዱ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውም ቤንዚን አለ። ላምባ ከተቀላቀለበት ማንኳኳትን የመቋቋም ዐቅሙ፣ ኦክቴን የሚባለው፣ ይወርዳል። ዓለም ለዚህ ዐቅም ብዙ ከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1921 አሜሪካዊው ቶማስ ሚጅሊ የእርሳስ ውሁድ ቤንዚን ውስጥ ሲጨመር ማንኳኳቱ እንደሚቆም አገኘ፤ መርዙም የስንት ሕፃናትን አእምሮ ጎዳ። ይህን ቤንዚን ለመኪና መሸጥ ከአገሮች ሁሉ መጨረሻ ያቆመችው አልጄሪያ ናት፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

አዳዲሶቹ መኪኖች ማንኳኳቱን የሚሰማ መሣሪያ ስላላቸው የካንዴላውን ብልጭታ ራሳቸው ያዘገዩታል። ካርቡሬተር ያላት አሮጌዋ ኮሮላ ግን ጆሮዋ ሹፌሩ ብቻ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ምትኳን ማግኘት ከብዷል።

ስለዚህ ሹፌር ወንድሜ፣ ከድብ ባሕር ተነሥተው ያ ጠጠር ሲሰማዎት ነዳጁን ቀለል ያድርጉ፣ ማርሽ ይቀንሱ፣ ሞተሩ እንደ ልቡ ይዙር። ጎንደር ሲገቡም ድምፁ ጠፋ ብለው አይለፉት። ጋራዥ ገብተው ራዲያተሩንና ካንዴላው ብልጭ የሚልበትን ጊዜ ያስፈትሹ፤ መካኒኩንም «ሊማሊሞ ላይ አንኳኩታለች» ይበሉት።