የጎንደር ካርቡራቶር በካርቱም
ከጀብራ የተጻፈ ማስታወሻ

ግንቦት 1 ቀን 2014፣ ሰኞ

ልደታ ናት። ባለቤቴ ንፍሮዋን ቀቅላ ለሰፈሩ ሐበሾች ስታዳርስ፣ እኔ 70 እንጀራ ሞተሬ ላይ ጭኜ ከጀብራ ወደ ዴም ወጣሁ። የሰሐፋን ሰፈር ሳልጨርስ ሞተሩን ጉልበት ከዳው። ጋዝ ስጨምርለት ይጮሃል እንጂ አይሄድም። ከሥር የሚመጣው ወላፈን ሱሪዬን አልፎ ጭኔን ለበለበኝ። ዳር ይዤ ቁልፉን ባጠፋው እንኳ ወዲያው አልቆመም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ አጓርቶ ነው ጸጥ ያለው። ግማሽ ሰዓት ኒም ዛፍ ሥር ካሳረፍኩት በኋላ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሳ። ባለ ምግብ ቤቷ እንጀራውን ስትቀበል በእጇ ዳሰሰችና፣ "ዛሬስ ከነምጣዱ ነው ያመጣኸው?" አለችኝ።

ግንቦት 3፣ ረቡዕ

ያው ችግር ነው፤ ዛሬ ሁለት ጊዜ ቆመብኝ። ያማከርኩት ሁሉ ጣቱን ወደ ሰማይ ይቀስራል። ማዕዘኑ ላይ ሻይ የምታፈላው እህታችን፣ "እኛ ሰዎቹ እየፈላን ብረት ምን ይሁን ብለህ ነው?" ትላለች። የስልኬ መለኪያ 43 ዲግሪ ይላል። ለግንቦት ካርቱም ይህ ወሬም አይሆንም።

እኔ ግን አልተዋጠልኝም። አጠገቤ የቆመው የረክሻ ሹፌር ሦስት ሰው ጭኖ ቀኑን ሙሉ ይዞራል፣ አይቆምም። ኋላ ሳስበው እሱን ማወዳደሪያ ማድረጌ ስህተት ነበር፤ ረክሻ ሞተሩ ላይ የራሱ ማራገቢያ አለው። የእኔ የህንድ ስሪት፣ ባለ አራት ምት፣ የሚበርደው በመንገድ ነፋስ ብቻ ነው። ነገር ግን ሁለት በር አልፎ ያለው ጎረቤቴ ልክ የእኔን ዓይነት ሞተር ይነዳል፤ ያውም ሲሊንደር ጋዝ እያመላለሰ። ፀሐይዋ ለሁለታችንም አንድ ናት።

ግንቦት 6፣ ቅዳሜ

ትናንት ሃቡብ ነበር። ቀዩ አቧራ እንደ ግድግዳ መጥቶ ቀኑን አመሸብን። ጠዋት ሞተሩን ሳየው በሲሊንደሩ ዙሪያ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩት ክንፎች በአቧራና በዘይት ተለስነዋል። ሙቀቱን ለነፋስ የሚሰጡት እነሱ ናቸው፤ መሐላቸው ሲደፈን ብረቱ ብርድ ልብስ እንደ ለበሰ ሰው ነው። በአሮጌ ጥርስ ብሩሽና በነጭ ጋዝ አንድ ሰዓት ፈተግኩ። ዘይቱን ባወጣው ጠቁሮ የተቃጠለ ይሸታል፤ በ20 ደብልዩ 50 ቀየርኩት። ፊልትሮውንም አራገፍኩ።

ማታ ሞከርኩት። ቀድሞ ሰሐፋ ላይ ይቆም የነበረው አሁን ዴም መግቢያ ድረስ ወሰደኝ። መሻሻል ነው፣ መዳን አይደለም።

ግንቦት 8፣ ሰኞ

ወደ ጋራዥ ገፋሁት። ኡስታው፣ ማለትም መካኒኩ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሱዳናዊ ናቸው፤ መነጽራቸው በክር የታሰረ። እንደ ደረስኩ ልጃቸው የጋለው ሲሊንደር ላይ በጆግ ውሃ ሊደፋ ሲል የጮሁት ጩኸት መንገድ ላይ ተሰማ። የጋለ ብረት ድንገት ውሃ ከነካው ሊጣመም ሊሰነጠቅም ይችላል። እኔም ቅዳሜ ያንኑ ላደርግ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ዝም አልኩ።

መጀመሪያ ኋላ ጎማውን አንስተው በእጃቸው አሽከረከሩት። ፍሬን የሚይዝ ከሆነ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ዳገት እንደሚወጣ ሆኖ ይደክማል። ጎማው በነጻነት ዞረ። ፍሪሲዮኑም አይንሸራተትም። ቀጥሎ ካንዴላውን ፈቱት፤ እዚህ ላይ ነው ፊታቸው የተለወጠው። ጤነኛ ሞተር ካንዴላውን ቡናማ ያደርገዋል፤ ቤንዚን የበዛበት ጥላሸት ያለብሰዋል። የእኔው ጫፉ እንደ አጥንት ነጭ ነበር።

"ያ ሐበሺ፣ ሞተርህ ተርቧል" አሉኝ።

ይህን ለመቀበል ጊዜ ወሰደብኝ። ቤታችን ምጣድ ሥር እንጨት ሲያንስ ምጣዱ ይበርዳል። ሞተር ውስጥ ተገላቢጦሽ ነው። ቤንዚን በትክክል የሚነደው ለአንድ እጅ ቤንዚን በክብደት 14.7 እጅ ያህል አየር ሲደርሰው ነው፤ ቤንዚኑ ከዚያ በመጠኑ ካነሰ እሳቱ ይንቀራፈፋል፤ ፒስተኑ ወርዶ እንኳ ሳይጨርስ እየነደደ ቴስታታውንና ማርሚታውን ያግላል። በተጨማሪም እየተነነ ገብቶ ውስጡን የሚያቀዘቅዘው ቤንዚን ራሱ ነው። እሱ ሲጎድል ማቀዝቀዣውም አብሮ ጎደለ ማለት ነው።

ሞተሩ ከጋለ በኋላ ቾኩን ግማሽ ስበው እንድነዳ አዘዙኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያንቀዋል፤ አሁን ግን ጉልበት አገኘ። ቾክ አየር ቀንሶ ቤንዚን ስለሚያበዛ፣ መራቡ በዚህ ተረጋገጠ። የቀረው የት ነው የሚራበው የሚለው ነው። ከካርቡራቶሩ ወደ ሲሊንደር የሚወስደው ጎማ ላይ የሳሙና ውሃ ረጩ፤ ተሰንጥቆ አየር የሚሰርቅ ቢሆን የሞተሩ ድምፅ ይለወጥ ነበር። አልተለወጠም። የቤንዚን ቧንቧውም ንጹሕ ነው።

ያን ጊዜ ጀበናቸውን አስመጡ፤ ዝንጅብል የበዛበት የሱዳን ቡና ነው፣ እስካሁን አልለመድኩትም። ፊንጃሉን እየሰጡኝ፣ "ከመታመሙ በፊት ምን ቀየርክለት?" አሉ።

ምንም ልል ነበር። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ በፋሲካ ማግስት ጎንደር ያለው ወንድሜ በሰው እጅ የላከልኝን ካርቡራቶር አስገጥሜያለሁ። ከነበረኝ የተሻለ ስለሆነ እንደ ስጦታ እንጂ እንደ ተጠርጣሪ አላየሁትም። በዓሉና ኢዱ ተከታትለው ብዙም ስላልነዳሁት በሽታው ቶሎ አልታየም።

ኡስታው ፈቱት። ውስጡ ቤንዚን የምትለካው፣ ቀዳዳዋ እንደ መርፌ ጫፍ የሆነች የናስ ብሎን አለች፤ ጄት ይሏታል። ቁጥሯ 90 ነው። የድሮው ካርቡራቶሬ ከመደርደሪያ ሥር ወጥቶ ሲታይ 98። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይጠባል።

ግንቦት 9፣ ማክሰኞ

ለወንድሜ ደወልኩ። "አዎ፣ ጥቁር ጭስ እያስቸገረኝ ጠባቡን አስገባሁበት" አለ፣ ምን ችግር አለ በሚል ድምፅ። ለጎንደር ልክ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚን መቀነስ ተገቢ ነው። ካርቱም ግን 380 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑም አብሮ መወፈር ነበረበት። ሙቀት አየርን ማሳሳቱ አይካድም፤ ግን የ1,700 ሜትር ቁልቁለትን አያካክስም። ስለዚህ ሰው ሁሉ የከሰሳት ፀሐይ ክንፎቹን በማጋሏ ብትወቀስም፣ በአየሩ በኩል እንዲያውም ትንሽ ታግዘኝ ነበር።

ግንቦት 11፣ ሐሙስ

የድሮዋ 98 ታጥባ ተመልሳ ገባች። ካርቡራቶሩ የወንድሜ ነው፣ ጄቷ የራሴ። የቫልቩንም ክፍተት በስስ ብረት ለክተው አስተካከሉልኝ፤ በሙቀቱ ጠብቆ ነበር። ዋጋ ስጠይቅ ለቫልቩ ብቻ ተቀበሉኝ።

ግንቦት 15፣ ሰኞ

ከጥቅምቱ የሱዳን መፈንቅለ መንግሥት ወዲህ መንገድ መዘጋት ብርቅ አይደለም፤ ዛሬም የሰፈር መንገድ ላይ በተደረደረ ድንጋይ መሐል በአንደኛ ማርሽ እየተሹለከለክሁ ዴም ደረስኩ። ነፋስ የሌለበት እንዲህ ያለ ጉዞ በአየር ለሚበርድ ሞተር ከባዱ ፈተና ነው። ሞቀ፣ ግን ጉልበቱን አልጣለም፤ ቁልፉን ሳዞርም ወዲያው ጸጥ አለ።

ግንቦት 22፣ ሰኞ

ካንዴላውን ፈትቼ አየሁት። ቡናማ ነው። ጠባቧን 90 በጨርቅ ጠቅልዬ ለወንድሜ መላኪያ ሰው እየፈለግሁ ነው። ከደጋ ወደዚህ ካርቡራቶር የምትልኩ ዘመዶች ካላችሁ፣ እባካችሁ የጄቷን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አብራችሁ ላኩ።