የደበዘዘውንም አስቀምጪው

ለምወድሽ ልጄ፣

  ጎንደር ላይ ጥቅምት ብርዱን ይዞ ገብቷል። አያትሽ ጉልበቷን ቢያማትም ቤተ ክርስቲያን ከመሳለም አልቀረችም።

እናትሽ ሁሉንም ነገረችኝ። ፎቶዎችሽን ለአንድ ሙያው ላለው ሰው አሳይተሽ «ፎከስ የላቸውም፣ እጅሽም ይንቀጠቀጣል» ብሎሽ፣ በዚያው ማታ ከስልክሽ ላይ ጠራርገሽ አጠፋሻቸው አሉ። በጣም አዝኛለሁ። ደግነቱ አያትሽ ቡና ስትቀዳ ያነሳሻት ፎቶ በቴሌግራም ልከሽልኝ ስለነበር እኔ ዘንድ አለ። ማታ ማታ እያወጣሁ አየዋለሁ።

አንቺም መልሰሽ እንድታዪው ስለፈለግሁ ልንገርሽ። አያትሽ ከረከቦቱ ጀርባ ጎንበስ ብላለች። ሲኒዎቹ ጥርት ብለው ወጥተዋል፤ አንደኛው አፉ ላይ የተሸረፈው እንኳ ይታያል። ፊቷ በአንድ ወገን በከሰሉ ፍም ቀልቷል፣ በሌላው ወገን ጨልሟል። እጇና ጀበናው ግን ቅርጽ የላቸውም፤ ከላይ ወደ ታች የወረደ አንድ ጠይም ጥላ ብቻ ነው ያለው። ይህ ለምን እንደሆነ አስበሽበታል? ቤቱ ጨለማ ስለነበረ ስልክሽ በቂ ብርሃን እስኪያገኝ ረዘም ላለ ጊዜ መቀበል ነበረበት። በዚያች ቅጽበት ያልተንቀሳቀሰው እንዳለ ተቀረጸ፤ የተንቀሳቀሰው ደግሞ የሄደበትን መንገድ ትቶ አለፈ። እኔ እናቴን ስትቀዳ ዕድሜዬን ሙሉ አይቻታለሁ። እጇ ከፍ ብሎ ሲወርድ ያለውን ፍጥነት በፎቶ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ፎከሱ የጠራ ፎቶ ቢሆን ኖሮ እጇን አቁሞ ያሳየኝ ነበር።

ከአንቺ በፊት ይህንኑ ስድብ የሰማች ሴት ነበረች። ታሪኳን ላጫውትሽ፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ትባላለች፣ በ1815 ካልካታ የተወለደች እንግሊዛዊት። ካሜራ የያዘችው በ48 ዓመቷ ነው፤ በ1863 ሴት ልጇና አማቿ በስጦታ ሰጧት። የምትኖረው ዋይት በሚባለው ደሴት ላይ ነበር። የከሰል ማስቀመጫዋን ጨለማ ክፍል፣ የዶሮ ቤቷን ደግሞ ስቱዲዮ አደረገችው። የዚያ ዘመን ፎቶ ፊልም የለውም፤ በመስታወት ላይ ኮሎዲየን የሚባል ዝልግልግ ፈሳሽ ይፈስበታል፣ ብር ባለበት ውሁድ ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ ሳይደርቅ ማንሳትም ማጠብም ያስፈልጋል። ተነሺው ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቀመጥ አለበት። ካሜሮን መስታወቱን ትልቅ፣ ፊቱንም ከቅርብ ስለምታደርገው፣ ሰው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ምስሉ ይለሰልሳል። በላዩ ላይ የጣቷ አሻራ፣ የፈሳሹ ጅረት፣ አንዳንዴም የመስታወቱ ስንጥቅ አለ። እሷም ሌንሱን ስታስተካክል ዓይኗን ደስ ያሰኛት ቦታ ላይ ስትደርስ ታቆመው እንደነበር ራሷ ጽፋለች። ከዚያ ወዲያ ይበልጥ ለማጥራት አትታገልም።

የፎቶግራፍ ሰዎች ክፉኛ ተቿት። አለመቻል ነው፣ ግድየለሽነት ነው አሉ። ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት የሚባለው የለንደን ሙዚየም ግን ገና በ1865 ሥራዎቿን ገዛ፤ በ1868 ደግሞ ሁለት ክፍል ለስቱዲዮ ፈቀደላት።

እኔ ካሜሮንን የማውቃት በዚያ ዓመት ባነሳችው ልጅ ምክንያት ነው። ልጁ የእኛው ነው፤ ደጃዝማች ዓለማየሁ ቴዎድሮስ። በሚያዝያ አባቱ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሞቱ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ መንገድ ላይ አረፉ። ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ አማርኛ ከሚችል ካፒቴን ስፒዲ ከሚባል የእንግሊዝ መኮንን ጋር ዋይት ደሴት ደረሰ። ካሜሮን በዚያው በጋ አነሳችው። በዚያ ሰሞን ሌሎችም ፎቶ አንሺዎች አንስተውታል፤ የእነሱ ፎቶ ላይ ልብሱንና ጌጡን በደንብ ታያለሽ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ብርቅ ነገር ሆኖ ቆሟል። የካሜሮን ላይ ግን ጠርዙ ለስልሶ እኔን የሚይዘኝ ዓይኑ ነው። እናቱን የቀበረ ልጅ ዓይን ነው። ፈልገሽ እዪው፤ በስልክሽ ቶሎ ታገኚዋለሽ። እኔ ባየሁት ቁጥር ልቤ ይነካል። ዓለማየሁ በ1879 በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንድዘር ተቀበረ፤ ካሜሮንም በዚያው ዓመት ሲሎን ላይ አረፈች። ያ ፎቶ ፎከስ ይጎድለዋል ብሎ የሚከራከረኝ ሰው ካለ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ፤ ሐሳቤን ግን አያስለውጠኝም።

ደግሞ አንድ ፈረንሳዊ አለ፤ ዣክ ኦንሪ ላርቲግ። ካሜራ በልጅነቱ የሰጠው አባቱ ነው፤ ይህም እኔን ደስ ያሰኘኛል። በወጣትነቱ የእሽቅድድም መኪና ሲያልፍ አነሳ። ጎማው እንቁላል መስሎ ወደ ፊት ተንጋደደ፣ የመንገድ ዳር ሰዎች ደግሞ ወደ ኋላ ዘመሙ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የካሜራው መጋረጃ በቀጭን ክፍተቱ ብርሃን እያስገባ ስለሚያልፍ የምስሉ ላይና ታች በአንድ ጊዜ አይቀረጽም፤ መኪናው እስከዚያ ድረስ ይሄዳል። እሱም መኪናውን ለመከተል ካሜራውን እያዞረ ነበር። ፎቶው ለዐሥርተ ዓመታት ሕዝብ ሳያየው ቆይቶ፣ ዛሬ ፍጥነትን ከሚያሳዩ ታዋቂ ፎቶዎች አንዱ ሆኗል። የአንቺም ስልክ ምስሉን መስመር በመስመር ነው የሚያነበው። አውቶብስ ውስጥ ሆነሽ በመስኮት ስታነሺ የስልክ እንጨቶቹ የሚዘሙት ለዚህ ነው። አንቺ ግን እንዲህ የወጣልሽን ፎቶ «ተበላሸ» ብለሽ አጥፍተሽዋል።

ልጄ፣ የተበላሸ ፎቶ ሁሉ ያምራል እያልኩሽ አይደለም። የሚሰለችም አለ፤ በቸልታ የተነሳ ምንም አይነግርሽም። ስለ ብርሃን፣ ስለ ፎከስ መማርሽንም አትተዪ፤ ያ ሰው የሚያውቀውን ቢያስተምርሽ አመስግነሽ ተማሪ። እኔ የምለምንሽ ፎቶውን ሳታዪው እንዳታጠፊው ብቻ ነው። አንድ ሳምንት ይቀመጥ። ከዚያ አውጥተሽ «ይህ እንዴት ሆነ? ሆን ብዬስ ልደግመው እችላለሁ?» በይው። እኛ በፊልም ዘመን ይህን ለማድረግ ገንዘብ ያስፈልገን ነበር። አንድ ጥቅል 36 ነው፤ ፎቶ ቤት ሰጥተሽ ታጥቦ እስኪመጣ ትጠብቂያለሽ፤ የጀርባው ክዳን ከተከፈተ ፊልሙ ተቃጥሎ ያልቃል። ስለዚህ ሰዉ ሁሉ ደርቆ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሳይስቅ ነው የሚነሳው። ለሙከራ የሚተርፍ አልነበረም። አንቺ ግን እንደ ልብሽ መሞከር ትችያለሽ፤ እኔ በዚህ እቀናለሁ።

እና ሞክሪ። ሌንሱ ላይ የነጠላ ጥለት ጋርደሽ አንሺ። ወፍ ወደሚበዛበት አሞራ ገደል ሂጂና ወፎቹ ሲነሱ ስልኩን አብረሽ እያዞርሽ አንሺ። ሲመሽ ባጃጅ ውስጥ ሆነሽ የመብራቶቹን መስመር ያዢ። ፊትን ከብርሃን ተቃራኒ አድርገሽ አጥቁሪው።

ከሁሉ በፊት ግን ይህን ሥሪልኝ። ከጓደኞችሽ ጋር ፀሐይ ያለበትን ቀን መርጣችሁ የዶርማችሁን መስኮት በጥቁር ላስቲክና በካርቶን ድፈኑት። ክፍሉ ድቅድቅ ይበል፤ በበሩ ሥር የሚገባውንም ብርሃን በጨርቅ ዝጉ። ካርቶኑ ላይ የሳንቲም ያህል ቀዳዳ ብሺ፤ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ጠብቁ። ውጭ ያለው ዛፍና ሕንፃ፣ የሚያልፈውም ሰው፣ ተገልብጦ ከነቀለሙ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ይመጣል። ያለ ሌንስ ነው፤ ስለዚህ ደብዘዝ ያለ ነው። ቀዳዳውን ስታጠቢው ይጠራል፣ ግን ይጨልማል፤ ስታሰፊው ይደምቃል፣ ግን ይደበዝዛል። የትኛው እንደሚሻልሽ ራስሽ ምረጪ፤ የመረጥሽውንም አንስተሽ ላኪልኝ።

የአያትሽን ፎቶ ቅዳሜ ፎቶ ቤት ወስጄ በትልቁ አሳትመዋለሁ። መደርደሪያው ላይ ቦታ ለቅቄለታለሁ። አያትሽ «እጄ የታለ?» ብላ ስትጠይቅ መልሱን አንቺ ስትመጪ ትነግሪያታለሽ።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ፤ ብርድ እንዳይመታሽ ልብስሽን ደርቢ።

አባትሽ